በእናቱ ቤት አለ

ይኸነው ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ታሪኩ ሲያልቅ የሚፈርድበት አይጠፋምና። እሱ ግን ከማንም ቀድሞ በራሱ ፈርዷል፤ የሌላ ሰው ፍርድ ከዚያ በላይ ምን ይጨምርበታል?

እንጅባራ ከተማ የትምህርት ሱፐርቫይዘር ነው። ዕድሜው አርባ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ ከብብቱ የማይጠፋ ሰው። እዚያ አገር ያለ ጃንጥላ የሚወጣ ሞኝ ብቻ ነው። ዘመድ አይለይም፤ ምሳ ጋብዞ የሚያለዝበውም የለም። «ይኸነው እናቱንም ቢመዝን ጣቱን ሚዛኑ ላይ አያሳርፍም» ይሉታል መምህራኑ፤ ግማሹ ለሙገሳ፣ ግማሹ ለሐሜት። እሱ ሁለቱንም እንደ ሙገሳ ይቀበለው ነበር።

የተወለደው ከጥርባ ሐይቅ ማዶ ካለች የድንችና የቀርከሃ መንደር ነው። አባቱ ሲሞት ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ያሳደገችው እናቱ ወርቅአየሁ ናት። ትምህርት ቤት የገባ ዕለት ከአዊኛ በቀር ቋንቋ አያውቅም፤ ያኔ ደግሞ ትምህርቱ በአማርኛ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ የአንደኛ ክፍሏ አስተማሪ እትዬ ማስተዋል ወጡ። ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበሩ። ጎንበስ ብለው በአዊኛ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። «የወርቅአየሁ» አለ። ልጆቹ ሳቁበት፤ ሰው ሲጠየቅ የአባቱን ስም ነዋ የሚናገረው። እትዬ ማስተዋል ግን አልሳቁም። «ልክ ነው፣ የወርቅአየሁ ልጅ» ብለው እጁን ይዘው አስገቡት። ይኸነው ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት አልወጣም ቢባል ይቀላል፤ ተማሪ ሆነ፣ መምህር ሆነ፣ የመምህራን ተቆጣጣሪ ሆነ።

አዲስ ቅዳም ላይ ስምንት ዓመት ሲያስተምር አንድ ነገር ገጠመው። መምህር ማህደረ ተግባር የሚባል ጣጣ አለበት። ዓመቱን ሙሉ የሠራውን፣ የትምህርት ዕቅዱን፣ የተማሪዎቹን ሥራ ናሙና፣ ስለ ማስተማሩ የጻፈውን ሁሉ በአንድ ፋይል ሰብስቦ ለመዛኞች ያስረክባል። ደረጃውም ምደባውም በዚያ ይወሰናል። ይኸነው አንድ ዓመት ፋይሉን ሰጥቶ ሃምሳ አንድ አገኘ። ቅር ብሎት አቤት አለ፤ ባለ ቀለም ሽፋን አለበሰውና ያንኑ ፋይል፣ አንዲት ገጽ ሳይጨምር፣ ለሌላ ኮሚቴ ሰጠው። ሰማንያ ሰባት መጣለት።

ሌላ ሰው ቢሆን ጮቤ ይረግጥ ነበር። ይኸነው ግን እንቅልፍ አጣ። «ሃምሳ አንዱም ሰማንያ ሰባቱም ውሸት ነው» አለ። «መምህር ዕጣ እንደሚጎትት ሰው መዛኙን እየፈራ መኖር የለበትም።» ይችን ነገር ልቡ ውስጥ ይዟት ኖረ፤ ሱፐርቫይዘር ሆኖ እንጅባራ ሲመጣም ይዟት መጣ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ «እስቲ አንተ አንድ የረባ መስፈርት አዘጋጅ» ባሉት ቀን ፊቱ በራ።

አብሮት የሚሠራ አብዱልሀፊዝ የሚባል መምህር ተመደበለት። አብዱልሀፊዝ ዳንግላ፣ ከጨርቅ ነጋዴ ቤት ያደገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «አባቴ ሱቅ ሜትሩ አንድ ነው» ይላል። «ሀብታም ቢመጣ አይረዝም፣ ድሃ ቢመጣ አያጥርም።» ሁለቱ ሰዎች በአንድ ልብ ተቀመጡ። አሥር ፋይል ወስደው ለየብቻቸው ይመዝናሉ፤ ከዚያ ያስተያያሉ። መጀመሪያ ላይ ጉድ ነበር። ይኸነው ከአራት ሦስት የሰጠውን አብዱልሀፊዝ አንድ ይለዋል።

«እዚህ ላይ ‹በቂ የተማሪ ሥራ› ይላል» አለ አብዱልሀፊዝ። «በቂ ለአንተ ስንት ነው?»

«አሥር።»

«ለእኔ ሦስትም በቂ ነው። ቃሉን ጣለው።»

ጣሉት። «ጥሩ»ን ጣሉ፣ «ደህና»ን ጣሉ፣ «አጥጋቢ»ን ጣሉ። በምትኩ የሚቆጠርና የሚታይ ነገር ብቻ ጻፉ። አንድም ናሙና የሌለው አንድ፣ አንድ ናሙና እንኳ ያለው ሁለት፣ አምስት ያለው ሦስት፣ ከዚያ በላይ አራት። ናሙናው በተማሪው እጅ የተጻፈ ዋናው ወረቀት ይሁን፤ ፎቶም ፎቶ ኮፒም አይተካውም፤ መምህራን ያንዱን ሥራ ሌላው እየገለበጠ አስቸግሯቸው ነበርና። መዛኙ የማንን እንደሚመዝን እንዳያውቅ የመምህሩም፣ የትምህርት ቤቱም፣ የልጆቹም ስም በጥቁር ቀለም ይሸፈንና ፋይሉ በኮድ ቁጥር ይጠራ። የእጅ ጽሑፍ እንዳይታወቅ የመምህሩ ገጾች በኮምፒውተር ይተየቡ። ሁለት መዛኞች ከተስማሙ ፋይሉ ይዘጋል፤ አቤቱታ የሚሰማው ካልተስማሙ ብቻ ነው። ይኸነው ከመቶው አርባውን ለተማሪ ሥራ ሰጠ፤ «የመምህር ነገር የሚታየው በልጁ ነው» ብሎ። ልክ ነው፤ ምን ይወጣለታል።

በሦስተኛው ሙከራ አሥሩንም ፋይል ለየብቻ መዝነው ዘጠኙ ላይ ቁጥራቸው አንድ ሆነ። ይኸነው ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ አያቸው። አብዱልሀፊዝ በኋላ ሲናገር፣ ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ይላል።

ግንቦት ላይ ስልሳ ሦስት ፋይል መጣ። ከሃምሳ በታች ያገኘ የአንደኛ ክፍል መምህር ክፍሉን ለሌላ ይለቅና መጋዘን ወይም ቤተ መጻሕፍት ይመደባል የሚል ውሳኔም ከፋይሎቹ ጋር መጣ። ከፋይሎቹ አንዱ ኮድ አሥራ ሰባት ነበር። ስስ ነው። የተማሪ ሥራ በሚለው ቦታ አንድ ዝርዝር ብቻ አለ፤ አርባ አንድ ተራ ቁጥር፣ ስሞቹ በጥቁር ቀለም የተሸፈኑ፣ ከፊታቸው «ሥራው የሚገኝበት» የሚል ዓምድ። አንድ፣ በእናቱ ቤት አለ። ሁለት፣ በእናቷ ቤት አለ። ሦስት፣ በአያቱ ቤት አለ። እንዲህ እያለ እስከ አርባ አንድ ይወርዳል። ከሥሩ «ተማሪዎቼ ዓመቱን ሲጨርሱ ሥራቸውን ወደ ቤት ስለሚወስዱ ነው» የሚል አንድ መስመር ተተይቧል።

ይኸነው ራሱን ነቀነቀ። ሰበብ መሰለው። ከአራት አንድ ጻፈ። አብዱልሀፊዝም ለብቻው አንድ ጻፈ። ጠቅላላው አርባ አራት ሆነ፤ በሁለቱም ዘንድ።

ሰኔ ላይ መስፈርቱን ለማስተዋወቅ መምህራኑ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ይኸነው ምሳሌ ያስፈልገው ነበር፤ ሁለቱ መዛኞች ፍጹም የተስማሙበትን መረጠ። ዝርዝሩን ከፍ አድርጎ ያዘና እያነበበ ወረደ። «አንድ፣ ሥራው የት ነው? በእናቱ ቤት አለ። ሁለት? በእናቷ ቤት አለ።» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «የማነው ይሄ? እናቱን ይዞ ይምጣ!» አለ አንዱ ከኋላ። ይኸነውም ፈገግ ብሎ «ደረጃ አንድ ማለት ይህ ነው። ማስረጃ ፋይል ውስጥ ከሌለ የለም ማለት ነው» አለ።

በመስኮቱ በኩል እትዬ ማስተዋል ተቀምጠዋል። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም እዚያችው ትምህርት ቤት፣ እዚያችው አንደኛ ክፍል፣ ጡረታቸው ሁለት ዓመት የቀረው። ይኸነው ሲያያቸው ደስ አለው። ለሻይ ሲወጡ ሮጦ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

«ትምህርቱ እንዴት ነው እትዬ? ገባዎት?»

«ገብቶኛል ልጄ» አሉት። «በጣም ግልጽ ነው።»

ኮዱ የተከፈተው ሐምሌ ላይ ነው። ይኸነው ስሞቹን ከቁጥሮቹ ጋር እያመሳከረ ሲወርድ አሥራ ሰባት ላይ ደረሰ። ወንበሩን ይዞ ተቀመጠና ስሙን ደጋግሞ አነበበው፤ ሲደጋግሙት የሚለወጥ ይመስል። ከዚያ የአዳራሹ ሳቅ ጆሮው ላይ መጣበት፤ ከሳቁም በላይ ደግሞ ያ «ገብቶኛል ልጄ» ያሉት።

ኃላፊው ዘንድ ገባ። ኃላፊው ደግ ሰው ናቸው፤ ግን እሳቸውም መስፈርቱን አንብበውታል።

«አንተ ነህ የጻፍከው፣ ይኸነው። ሁለት መዛኝ ከተስማማ ይዘጋል ይላል።»

«ተስማምተን ነው የተሳሳትነው።»

«ተስማምቶ ለመሳሳት አንቀጽ አላበጀህለትም። እኔ ከየት ላምጣ?»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባል የለ? ይኸነው ቁናውንም ሠርቷል፣ ሰፍሮበታልም። ፊቱን ሲያዩት ኃላፊው አዘኑ። «ምደባው የሚጸድቀው ጳጉሜን ላይ ነው» አሉ። «እስከዚያ አንድ፣ አንዲት ዋና ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ከገባች፣ የፈለገው ዓመት ይሁን፣ ነጥቡ ከአንድ ወደ ሁለት ይሄዳል። ሃምሳን ያልፋሉ። እኔ እፈርማለሁ።» አንዲት ወረቀት። ይኸነው እንደ ቀላል ነገር አየውና ተስፋ አደረገ።

በነጋታው ሄደ። ባጃጁ ጭቃው ላይ ሲለግም ወርዶ በእግሩ ተጓዘ። እትዬ ማስተዋል ደጃፋቸው ላይ ለዘር የሚሆን ድንች እየለዩ አገኛቸው። ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ያዙት።

«ተው። ምን አጠፋህ? መስፈርቱን አንብቤዋለሁ፤ አድልዎ የለበትም።»

«ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ለምን አልተናገሩም? ‹የኔ ነው› ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ያ ሁሉ ሰው እያየ ተማሪዬን ላሳፍር?» አሉ፤ ደንቋቸው።

ይኸነው አለቀሰ። የአርባ ዓመት ሰው፣ ጃንጥላውን ጭቃ ላይ ጥሎ አለቀሰ። እሳቸው ድንቻቸውን መለየት ቀጠሉ፤ እስኪበቃው ጠበቁት። ኋላ ነገሩን ነገሩት። የትምህርት ቤቱ መዝገብ የሚጠይቀው የአባትን ስም ነው፤ ካርዱም የአባትን፣ ሁሉም የአባትን። የእናት ስም የትም አይጻፍም። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የእናቱን ስም ቢጠራ ልጆች ሳቁበት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ማንኛውም ልጅ አንደኛ ክፍልን ሲጨርስ፣ ፊደል መለየቱን ለማየት፣ በገዛ እጁ ስሙንና የእናቱን ስም ይጽፋል፤ እናት የሞተችበት የአያቱን። ወረቀቱን ይዞ ይገባና ለእናቱ ያነብላታል። ፈተናቸው ይህ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት እንዲህ ፈተኑ፤ አንዲትም ወረቀት ለራሳቸው አላስቀሩም።

«የመጀመሪያዋ ወረቀት የአንተ ነበረች» አሉት።

ይኸነው ትዝ ሊለው ሞከረ፤ ትዝ አላለውም። ልጅ ነበረ፤ ኋላ ደግሞ ብዙ ወረቀት ጻፈ።

«አንዲት ወረቀት ብቻ ትበቃለች እትዬ። ዛሬውኑ ከአንዷ ቤት አመጣለሁ። ክፍልዎን አይለቁም።»

እትዬ ማስተዋል ድንቹን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ጠነከረ። «ክፍሌን እወደዋለሁ። ያለ ልጆቹ ቀኑ እንዴት እንደሚመሽልኝም አላውቅም፤ አልዋሽህም። ግን የሰጠሁትን አልቀበልም። ከሰው ቤት እንዳትሰበስብ።»

ይኸነው እሺ አላለም። በሳምንቱ አብዱልሀፊዝን ይዞ ተመለሰና ቤት ለቤት ዞሩ። መጀመሪያ የገቡት በቀለች ከምትባል ሴት ቤት ነው። ወረቀቱ ከቀርከሃው ግድግዳ መሐል ተሰክቷል፤ ዝናብ እንዳይነካው ፌስታል ለብሷል። በተንጋደደ ፊደል «እኔ ዓለምነው ነኝ። የበቀለች ልጅ።» ይላል። በቀለች ማንበብ አትችልም። ጣቷን ግን በትክክል ስሟ ላይ አሳርፋ «ይቺ እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ይኸነው የመጣበትን ነገራት። ሴትዮዋ ሰማችና «ይመለሳል?» አለች።

«አይመለስም። ፋይሉ ውስጥ ታሽጎ ይቀራል።»

«በስልክህ ፎቶ አታነሳውም?»

«ፎቶ አይቀበሉም።»

«ማነው የከለከለው?»

ይኸነው «እኔ ነኝ» አለ።

በቀለች ፌስታሉን መልሳ ሸፈነች። «እትዬ ማስተዋል እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድም ሰው እንዳይሰጥ ብለው ለምነውናል» አለች። «ለእሳቸው ብዬ ሕይወቴን ብትለኝ እሰጥህ ነበር። ቃላቸውን ግን አላፈርስም። ደግሞም ስሜ ያለበት ሌላ ወረቀት የለኝም።»

አሥራ አንድ ቤት ገቡ። አሥራ አንዱም ቤት ወረቀት አለ። አንዱ በሣጥን፣ አንዱ ከሥዕለ ማርያም ሥር፣ አንዱ ጥቀርሻ ለብሶ ከምሰሶ ላይ። ሁሉም አሳዩዋቸው፤ እርጎ አቀረቡላቸው፤ አንድም ሰው አልሰጣቸውም። ማምሻው ላይ ሁለቱ መዛኞች ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ቆመው ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቁ። አብዱልሀፊዝ ቁራጭ ወረቀት አውጥቶ «ኮድ አሥራ ሰባትን፣ እንደ ደንባችን ለየብቻ» አለ። ለየብቻ ጻፉና ገለጡት። አራት፣ አራት።

«እንደገና ተስማማን» አለ አብዱልሀፊዝ። አልሳቀም።

የቀረችው አንዲት ወረቀት ናት፤ ይኸነው የራሴ ናት የሚላት። እናቱ ቤት የሄደው ጳጉሜን ላይ፣ ምደባው ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በመንገዱ ሁሉ ፈርቶ ነበር። የቀርከሃውን አሮጌ ቤት ከሁለት ዓመት በፊት አፍርሶ የቆርቆሮ ቤት የሠራላት እሱ ነው፤ ግድግዳውንም ለማገዶ ያስፈለጠው እሱ ነው። ወረቀቷ አብራ ነድዳ ከሆነስ?

ወርቅአየሁ ልጇን ስማ አስቀመጠችው። የፈለገውን ሲነግራት ተነስታ ከአልጋዋ ሥር ሣጥኗን ሳበች፤ ከነጠላዋ እጥፋት ውስጥ አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው። ወረቀቷ ቢጫ ሆናለች፤ ጫፏን አይጥ ቀምሷታል። «እኔ ይኸነው ነኝ። የወርቅአየሁ ልጅ።» የ«ኸ» እግሯ ተንጋዳለች። በጎኑ በቀይ እስክሪብቶ፣ በእትዬ ማስተዋል እጅ፣ «ልክ ነው» ተጽፏል።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ወረቀቷን ይዞ ዳገቱን ሲሮጥ፣ እናቱ ድንች ማሳው ውስጥ ቆማ ስሟን ሁለት ጊዜ አስነብባው ስታበቃ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስትቀበለው። የኖረበትን ዕድሜ ሁሉ የጀመረችው ይቺ ወረቀት ናት፤ ይቺኑ ነው ሰው ሰብስቦ ያሳቀባት።

«ይችን ልውሰዳት፣ እማዬ። ለነገ ትደርስልኛለች።»

«ማስተዋልን የመዘናት ማነው?» አለች እናቱ።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ሰጠሃት?»

«አንድ።»

«ከስንት?»

«ከአራት።»

ወርቅአየሁ ቆጠራ አትስትም፤ ድንች በቁና ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ልጇን ትክ ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር። እጇን ዘረጋችና ወረቀቷን ከጣቶቹ መሐል ቀስ ብላ ወሰደች፣ እንደ ነበረች አጠፈቻት፣ ነጠላዋ ውስጥ መለሰቻት፣ ሣጥኑን ዘጋች።

«ይቺን አንተ አልሰጠኸኝም፤ እሷ ናት የሰጠችኝ» አለችው። «የት ነው ያለው ካሉህ፣ በእናቱ ቤት አለ በላቸው።»

በነጋታው ይኸነው የኮድ አሥራ ሰባትን ፋይል ከፍቶ፣ ከአርባ አንደኛው ተራ ቁጥር ሥር በገዛ እጁ፣ ስሙን ሳይሸፍን፣ አርባ ሁለተኛውን ጨመረ፤ «ይኸነው፣ በእናቱ ቤት አለ»። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ መስፈርቱ እንደሚያዘው «ተዘግቷል» ብለው ፈረሙ። እትዬ ማስተዋል በመስከረም የመጋዘኑን ቁልፍ ተረከቡ።